ጋቢዬን ያስወለቀኝ የልጅ ልጄ

ባለፈው ሚያዝያ ቨርጂኒያ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ «አባባ፣ ነገ ተርኪ አደን ልውሰድዎት» አለኝ። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄም አብሮን ሊሄድ ሆነ።

ተርኪ አሜሪካኖች በምስጋና ቀን የሚበሉት ትልቅ ወፍ ነው። የዱሩ ታዲያ እንደ ቆቅ ንቁ ነው። በጸደይ ወንዱ ሴቷን እየጠራ ይጮኻል፤ አዳኝ የሚጠብቀውም ያንን ነው። ማታ ዛፍ ላይ ያድርና ሲነጋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ልጄ በዋዜማው ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ሄዶ የት እንደሰፈሩ አዳምጦ መጥቷል።

ገና ሳይነጋ ደረስን። ከማደሪያቸው መቶ ሜትር ያህል ርቀን ተቀመጥን፤ ከዚያ ከቀረቡ ይደነብራሉ። በመካከላችን ወንዝም አጥር አልነበረም፤ ወፉ እንዲህ ያለውን ተሻግሮ መምጣት አይወድም። ጀርባችንን ከትከሻችን የሚሰፋ ግንድ ላይ አስደገፍን።

ብርዱ ስለጠናብኝ ጋቢዬን ደረብኩ። ልጁ «አባባ፣ አውልቅ!» አለኝ። «አንተ» እና «እርስዎ» አይለይም፤ ቢሆንም ከፋኝ። በእኛ ጊዜ አያቱን የሚያዝ ልጅ የት ነበር? አባቱን ባየው ዝም አለ። ልጁ በሹክሹክታ፣ የወንዱ ተርኪ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስለሆነ እነዚህን ቀለሞች የለበሰ ሰው ወፍ ሊመስል እንደሚችል ነገረኝ። በአዳኞች ትምህርት ላይ ነው የተማረው። እያጉረመረምኩ አጥፌ ሥሬ አደረግኩት።

ሲነጋ ልጄ በእንጨት መጥሪያው የሴቷን ድምፅ አሰማ። ከሩቅ ወንዱ መለሰ። ጥቂት ቆይቶ በጎናችን ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ወፍ አልነበረም፤ ጠመንጃ የያዘ ሌላ አዳኝ ድምፃችንን ተከትሎ ጎንበስ ብሎ እየመጣ ነው። እጄን ላውለበልብለት ስል ልጁ ጨምቆ ያዘኝና በእንግሊዝኛ «ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ደንግጦ አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆም ሄደ።

«እጅ አይወዘወዝም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ወፍ ይመስላል። መናገር ነው» አለኝ ልጁ።

ወፉም በጩኸቱ ጠፋ፤ ባዶ እጃችንን ተመለስን። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ያስወለቀኝን ጋቢ ዘርግቼ አለበስኩት። «እርስዎ» ማለቱን ቀስ ብሎ ይማራል፤ እኔም ያን ቀን ከእሱ ተምሬያለሁ።