የሚጮኸውም ይናከሳል

«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» ያለው ሰው የላስታን ውሻ አያውቅም። እኛ የኩልመስክ ልጆች እናውቃለን! የእኛ አገር ውሻ ይጮኻል፤ ይናከሳልም።

እናላችሁ… ከወልዲያ በድልብ በኩል ወደ ላሊበላ ስትጓዙ ኩልመስክን ታገኛላችሁ። ደጋ ነው፤ በግ አለ፤ ሌሊት ጅብ ይመጣል። ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ እንጂ ለፍቅር አይደለም። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፤ መንገድ ላይ ካገኙት ደግሞ ልጆች በድንጋይ ያሯሩጡታል። እስቲ አንድ ቀን ባዶ እጃችሁን ወደ መሬት ጎንበስ በሉ። ድንጋይ ሳትይዙ ውሻው ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይዘልባችኋል። «ክፉ ውሻ» ከምንለው አብዛኛው የፈራ ውሻ ነው።

ይህን የምንጽፈው ጋዜጠኝነት ተምረን ርእስ ስለቸገረን አይደለም (እሱም አለ)። ያሳሰበን የክትባት ቀን ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መርፌውን ይዞ ሲመጣ የእኛ ቡቺ አያስጠጋም። ጎረቤት ይጠራል፣ በገመድ ይጎተታል፣ አፉ በሲባጎ ይጠፈራል፣ ይወጋል። በዓመቱ ገመዱን ገና ሲያይ ይሰወራል። ሳይከተቡ የሚቀሩት እንግዲህ እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ለመንከስም የሚቀርቡት እነሱው!

የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። በዓለም ላይ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ ነው። ሥርጭቱን ለመግታት ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው። ከአናታችን ያለው አቡነ ዮሴፍም ጉዳዩ ያገባዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ተራራ ቀይ ቀበሮ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በመላ አገሪቱ 500 ያህል እንኳ አይሞሉም። ባሌ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. በሽታው ከውሾች ተዛምቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል።

ወደ አፍ ማሰሪያው እንምጣ። (አፈሙዝ እንዳንለው የጠመንጃ ይሆንብናል!) ብዙ ሰው ቅጣት ይመስለዋል። ኦሪት የሚያበራይ በሬ እንኳ አፉ እንዳይታሰር ታዛለች ብለው የተከራከሩን ጎረቤት አሉ። ልክ ናቸው፤ በሬው ግን የሚታሰረው እንዳይበላ ነው። ጥሩ የውሻ አፍ ማሰሪያ እንደ ቅርጫት ያለ ነው፤ ውሻው አፉን ከፍቶ ያለከልክበታል፣ ውኃ ይጠጣበታል፣ ቁራሽ ይቀበልበታል። ውሻ ሙቀቱን የሚያበርደው በዋናነት በማለክለክ ነውና አፉን ግጥም የሚያደርግ ሲባጎ ወይም ጨርቅ ከጥቂት ደቂቃ ካለፈ አደጋ ነው።

ልምምዱ በክትባት ዋዜማ አይጀመርም። ቅርጫቱ ውስጥ ቁራጭ ሥጋ ታስቀምጣላችሁ። ውሻው ራሱ አፍንጫውን ያስገባል፣ በልቶ ያወጣል፤ ማሰር የለም። ለቀናት ይኸው ነው። ከዚያ ለአፍታ ማሰር፣ ከዚያ ትንሽ ረዘም። ካፈገፈገ ወደ ኋላ መመለስ። እኛ ቤት ሳምንታት ፈጀ፤ እማዬም «ሥጋ ለሰው ጠፍቶ!» ማለቷን አላቆመችም። ባለሙያው ሲመጣ ቡቺ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመ። ተወጋ፣ ማሰሪያው ወለቀለት፣ ሄዶ ጎተራው ሥር ተኛ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ከእንግዳ አሁንም እናርቀዋለን።

አፉ ታስሯል ተብሎ ልጆች አይተነኩሱትም፤ እንዳጠለቀ ብቻውን አይተውም። ያበደ የሚመስል ውሻን ደግሞ አፉን ልሰር ማለት የለም፤ ርቆ ለሚመለከተው መንገር ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ቅርጫቱን ኩልመስክ ሱቅ ውስጥ አትፈልጉት፤ እኛ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣነው። አሁን እኚያ በኦሪት የተከራከሩን ጎረቤት ለውሻቸው አውሱኝ ብለውናል። ችግሩ የእሳቸው ውሻ አፍ የቡቺን እጥፍ ያክላል፤ የሚጠብ ማሰሪያ ደግሞ አይሆንም። በክር ለክተን ልኩን ልከናል።