የግቢው በርና የቤቴ በር

“ስሚ እንጂ፣ የዚያች ደሞዟን የከለከሏት ሴትዮ ነገር እንዴት ሆነ?” አለኝ ጎረቤቴ። ጠዋት ነው፤ ቧንቧው ጋ ባልዲ ይዘን ወረፋ ላይ ነን። እኔም ሳላስበው “ገና ነው፣ አሰሪዋ...” ብዬ ጀመርኩና ደነገጥኩ። ስለ ሴትዮዋ ለማንም አውርቼ አላውቅም። የተናገረችው ስሟ እንዳይወጣ፣ ድምጿም እንዳይሰማ ቃል አስገብታኝ ነው።

ልጁ ክፋት የለበትም። የአከራያችንን ፕሪንተር ሲፈልግ “ኔትወርክ” የሚለውን ከፍቶ የእኔን ኮምፒውተር አገኘ። “ቃለ መጠይቅ” የሚል ፎልደር አየ፣ ከፈተው፣ አዳመጠው። “ፓስወርድ እንኳ አልጠየቀኝም እኮ” አለኝ፤ ማጽናናቱ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አራት ተከራዮች በአንድ ራውተር እንጠቀማለን፤ ሂሳቡንም ተዋጥተን እንከፍላለን። እኔ ደግሞ “ራውተር ካለ ፋየርዎል ምን ይሠራል?” ከሚሉት ወገን ነበርኩ። አምና ከጓደኛዬ ጋር ፋይል በኔትወርክ ለመለዋወጥ ሞክረን እምቢ ሲለን ፋየርዎሉን አጠፋነው፣ ፓስወርዱን አነሳነው፣ ፎልደሩንም ለሁሉም ክፍት አደረግነው። ሠራልን። በዚያው ረሳሁት። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ብቅ እያለ ሲያስጠነቅቀኝም “ተወኝ ባክህ” እያልኩ እዘጋው ነበር።

ራውተሩን መውቀስ አይቻልም። እሱ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ለውጭው ዓለም የቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ አድራሻ ነው የሚያሳየው። ከውስጥ የተላከ ልጅ ዳቦ ይዞ ሲመለስ ያስገባዋል፤ ማንም ያልጠራው ሰው ሲያንኳኳ ግን ለየትኛው ቤት እንደመጣ ስለማያውቅ ይመልሰዋል። ይህ ቀላል ጥበቃ አይደለም። ነገር ግን ዘበኛው ፊቱን ያዞረው ወደ መንገዱ ነው። ከአንዱ ተከራይ ቤት ወደ ሌላው የሚኬደውን አይከለክልም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር የተባለው ቫይረስ ማንም ምንም ሳይከፍት በኔትወርክ ብቻ ሲዛመት፣ የዊንዶውስ ኤክስፒ ፋየርዎል ከመነሻው ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። በ2004 በወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 ከመነሻው እንዲበራ ተደረገ። በ2008 የመጣው ኮንፊከር ደግሞ በፍላሽም ይገባ ነበር። ፍላሽ በኪስ ነው የሚመጣው፤ ዘበኛውን ሰላም ብሎ ያልፋል። ከገባ በኋላ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያሉትን ሌሎች ኮምፒውተሮች ያንኳኳል። እነሱን የሚያድናቸው በየራሳቸው በር ላይ ያለው ቁልፍ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ ቤት አይውልም፤ ካፌ ገብተን የማናውቀው ሰው ራውተር ላይ ስንቀመጥ ግቢው የእኛ አይደለም።

ታዲያ እንግዛ? ለእኔ አያስፈልግም። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ይበቃል፤ ሁለት ፋየርዎል መደራረብ እንዲያውም እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። ሆኖም ማብራቱ ብቻ አይበቃም። ዋይፋዩን መጀመሪያ ስከፍት ኮምፒውተሩ “ፐብሊክ ነው ፕራይቬት?” ብሎ ጠይቆኛል፤ ቤቴ ነው ብዬ “ፕራይቬት” አልኩት። አራት ቤት የሚጋራው ምኑ ነው ፕራይቬት? “ፐብሊክ” ብለው ኖሮ፣ ፋየርዎሉም በርቶ ቢሆን፣ ልጁ ኮምፒውተሬን ኔትወርኩ ላይ ባላየው ነበር። ፎልደሩን ያለ ፓስወርድ የከፈትኩት ግን እኔው ነኝ፤ ያን በፋየርዎል ማሳበብ አልችልም። ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ያመጣሁትን ቫይረስ በገዛ እጄ ብከፍተውም እሱ አያስቆመኝም።

አሁን ፋየርዎሉ በርቷል፣ ፎልደሩም ተዘግቷል። ልጁ የሰማውን ለማንም እንደማይናገር ምሎልኛል፤ አምነዋለሁም። ሴትዮዋ ግን ያመነችው እኔን እንጂ እሱን አይደለም። እስካሁን አልነገርኳትም። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ቤቷ እሄዳለሁ፤ ቅጂውን አጥፊው ካለችኝ አጠፋዋለሁ፣ ጽሑፉም ይቀራል።