አራት ቀን ለስቶክሆልም

ረዥም ጉዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁና ስለ መንገዱ ነው። አጭር ጉዞ ግን ከስንቅ ይልቅ ምርጫን ይጠይቃል፤ ጊዜው ባነሰ መጠን የሚተወው ነገር ይበዛልና። እኔና ባለቤቴ ከፈረስ ቤት ተነሥተን የስዊድንን ዋና ከተማ ስቶክሆልምን ለማየት በምንሰናዳበት በዚህ ወራት ይህን ነገር ደጋግመን ተመልክተነዋል።

ልጃችን በዚያ አገር፣ በሌላ ከተማ፣ ሕመምተኞችን በማስታመም ሥራ ላይ ከዋለች ሰባት ዓመት ሆናት። ሁለት ሳምንት ከእርስዋ ዘንድ እንሰነብታለን፤ ከሥራዋ ያገኘችው ፈቃድ ግን አራት ቀን ብቻ ነው። በእነዚህ ቀኖች ስቶክሆልምን ልታሳየን አስባ የአሥራ አራት ስፍራዎችን ዝርዝር በስልክ ላከችልን። ባለቤቴ ሲነበብላት ሰምታ፣ «እኔ የምሄደው ልጄን ላይ ነው፤ ድንጋይማ እዚህም ሞልቷል» አለች። ነገሩ ቢያስቀንም የዕቅዳችን ሁሉ መሠረት ይህ ቃል ሆነ።

አስቀድሞ ስለ አስፈላጊው ነገር እንናገር። የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ከስድስት ወር ሳይቀድም፣ ከአሥራ አምስት ቀንም ሳይዘገይ መቅረብ አለበት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለበዛ፣ በፍኖተ ሰላም በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ ትርፍ አንድ ሳምንት ይዘናል። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጉዞአችን በሰኔ፣ በጾመ ሐዋርያት ስለሆነ ግን ይህ አላስጨነቀንም፤ ሽሮና በሶ ይበቃናል። በከተማው አውቶቡስ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ መክፈሉን ለልጃችን ትተነዋል።

ከአሥራ አራቱ ስፍራዎች የመረጥነው ሁለት ነው። የመጀመሪያው በአሮጌው ከተማ የሚገኘው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በውስጡ በ1489 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቆመ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ከእንጨት የተቀረጸ ታላቅ ሥራ አለ። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ተሥሎ የምናውቀውን ሰማዕት በሩቅ ሰሜን ስናገኘው እንግድነቱ ይቀልልናል ብለን ተስፋ አድርገናል። ደግሞም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ የእኛው የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉ ከተከታዮቻቸው አንዱ ነበሩ፤ ስቶክሆልምም ከተጎበኙት ከተሞች አንዱ ነበረ። ልጃችን ይህን ሰምታ፣ «እንግዲያስ የጎጃም ሰው ቀድሞን ደርሷል» ብላ ሳቀች።

ሁለተኛው ቫሳ የምትባለው የጦር መርከብ ናት። 64 መድፎች ተጭነውባት በ1628 ከወደብ ስትነሣ ገና ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ሳትርቅ ነፋስ አዘንብሏት ሰጠመች፤ ላይዋ ከብዶ ታችዋ ቀልሎ ነበርና። ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 ከባሕር አውጥተዋት ዛሬ በቤተ መዘክር ትታያለች። የጎብኚ ዕቅድም እንዲሁ ነው፤ ከአቅም በላይ የተጫነበት እንደ ሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ይሰጥማል። በሰኔ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው እኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት በምንለው ጊዜ ነው። ቀኑ ረዥም ነው ተብሎ ግን የሰው ጕልበት አይረዝምም። የባለቤቴን ጉልበት ያመማታል፤ በአሮጌው ከተማ ደግሞ ደረጃና ድንጋይ ንጣፍ ይበዛል። ስለዚህ እርምጃችን በእርስዋ ልክ እንዲሆን ቈርጠናል፤ ከቤተሰብ ጋር የሚጓዝ ሰው በደካማው እግር ሊሄድ ይገባዋልና።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነው፤ በከተማው ካሉት የአገራችን ምእመናን ጋር እናስቀድሳለን።

አራተኛውን ቀን ባዶ ተውነው። ልጃችን ደውላ፣ «አባባ፣ ይህን ቀን ምን እናድርግበት?» አለችኝ። ልጃችንን ያሳደገቻት እናቴ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ልጅቱ ለቀብርም ለተዝካርም አልደረሰችም፤ መርዶውን የሰማችው በስልክ፣ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ፣ ብቻዋን ነው። እስከ ዛሬ እርሟን አላወጣችም። ስለዚህ፣ «ስለ አያትሽ እንቀመጥበታለን» አልኳት። ረዥም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እሺ አባባ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ» አለች።

እናንተም ከቤተሰባችሁ ጋር እንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ስታስቡ፣ ከምታዩት ነገር ሁሉ በፊት አብራችሁ የምትቀመጡበትን ሰዓት በዝርዝሩ ራስጌ ጻፉት። ሕንፃው ለሌላ ጊዜ ይቆያል፤ በልብ የቆየ ኀዘን ግን ሰውና ጊዜ ሲገጥሙለት ሊወጣ ይገባዋል።