ቅጣት የመሰለ የክፍያ ጥያቄ

ግላስጎው ውስጥ በእኛ ሰው መካከል «ደብዳቤ አንባቢ» ተብሎ መታወቅ የራሱ ጣጣ አለው። ቡና ይጠሩሃል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ የቤቱ ባለቤት ከሶፋው ትራስ ሥር ፖስታ ይስባል። «እስቲ ይችን እያት» ይልሃል። ዱሮ ፖስታው ከሆም ኦፊስ ነበር። ቀጥሎ የጋዝና የካውንስል ታክስ ሆነ። አሁን አሁን፣ ሰዉ መኪና መግዛት ሲጀምር፣ የሚበዛው የፓርኪንግ ሆኗል።

ደብዳቤው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የመኪናው ፎቶ አለ፣ ሲገባም ሲወጣም። ታርጋው በትልቁ ተጽፏል። ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ ተቆጥሯል። «100 ፓውንድ ክፈል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ 60 ይበቃል» ይላል። ከላይ ደግሞ ሦስት ፊደል፦ ፒሲኤን። ካውንስሉ የሚጽፈው ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ ነው፤ የግል ድርጅት የሚጽፈው ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ ነው። ሁለቱም ሲያጥሩ ፒሲኤን ይሆናሉ። ይህ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። የመጀመሪያው በሕግ የተደነገገ ቅጣት ነው፤ መኪናው በስሙ ያለ ሰው ይጠየቅበታል። ሁለተኛው አንድ ድርጅት «ውል አፍርሰሃል» ብሎ የላከው የክፍያ ጥያቄ ነው። ቅጣት አይደለም፤ ወንጀል አይደለም፤ ፖሊስ ጋ የሚመዘገብ ነገርም የለውም። የዜግነት ማመልከቻ አስገብተው እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ይህን ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ ደግሜም እላለሁ።

የምንፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ቦታው ያቆመ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ታርጋው ተፈትቶ ይጠብቀዋል። እዚያ የትራፊክ ፖሊስ ማለት መንግሥት ማለት ነው፤ ክርክር የለም፣ ከፍለህ ታርጋህን ትቀበላለህ። ያንን ይዘን ነው እዚህ የመጣነው። አርማ ያለበት፣ ቁጥር ያለበት፣ ቀይ ቀለም የነካው ወረቀት ሲመጣ «መንግሥት ነው» እንላለን። ደብዳቤውን የሚጽፉትም አንባቢው እንዲህ እንደሚያስብ በደንብ ያውቃሉ።

አንድ ጎረቤቴ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሌሊት ጥበቃ ይሠራሉ። በአንድ ክረምት ሦስት ደብዳቤ ደርሷቸው ሦስቱንም ለማንም ሳያማክሩ ከፍለዋል። ሲነግሩኝ 180 ፓውንድ መክፈላቸው አልነበረም ያሳዘነኝ፤ በዚያ ወር ለእናታቸው የሚልኩትን መቀነሳቸው ነው። ሰበብ ፈጥረው «እዚህ ሥራ ቀዝቅዟል» ብለው ጻፉላቸው። ለምን አልጠየቁኝም ብላቸው «ወንጀለኛ መሆኔን ሰው እንዲሰማ አልፈለግሁም» አሉኝ። ወንጀላቸው ሱፐርማርኬት ገብተው ከተፈቀደው ሰዓት 20 ደቂቃ ማሳለፋቸው ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ2012 የወጣው የነፃነቶች ጥበቃ ሕግ፣ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ድርጅቱ መኪናው በስሙ የተመዘገበውን ሰው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ ከተሟሉ ማለት ነው። ያ ክፍል ስኮትላንድ ውስጥ አይሠራም። እዚህ ድርጅቱ ሊጠይቅ የሚችለው ያቆመውን ሹፌር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም «ውል» የተባለው ነገር ተፈጠረ የሚባለው በማስታወቂያ ሰሌዳውና ሰሌዳውን አይቶ ባቆመው ሰው መካከል ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት፣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ ካርላይል ላይ አንድ ትርጉም አለው፤ ድንበሩን ተሻግረህ ግሬትና ስትደርስ ሌላ። ለንደን ያለ የአክስት ልጅ በስልክ የሚሰጠው ምክር እዚህ የማይሠራውም ለዚህ ነው። እሱ ስለራሱ አገር ሕግ ነው የሚያወራው።

ስኮትላንድ በዚህ ጉዳይ ቀድማም ታውቃለች። በግል ቦታ የቆመን መኪና ጎማ በብረት ቆልፎ «ካልከፈልክ አልፈታም» ማለት ስርቆትና በማስገደድ ገንዘብ መጠየቅ ነው ብሎ የአገሪቱ ከፍተኛ የወንጀል ፍርድ ቤት የወሰነው በ1992 ነው። እንግሊዝ ያንን በሕግ የከለከለችው ከ20 ዓመት በኋላ በ2012 ነበር።

ታዲያ ድርጅቱ ስማችንን ከየት አመጣው? ከዲቪኤልኤ። ለአንድ ታርጋ 2 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ከፍሎ መኪናው በማን ስም እንዳለ ይጠይቃል፤ ይነገረዋል። ግን ያገኘው የባለ ስሙን አድራሻ እንጂ የሹፌሩን ማንነት አይደለም። ካሜራው የሚያነሳው ታርጋ ነው። የጎደለችው ያች አንዲት መረጃ ናት፤ የሚሞላላቸው ደግሞ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ራሱ ነው።

እንዴት? ይግባኝ በመጻፍ። ጋሼ አራተኛው ሲመጣ አልከፍልም ብለው ልጃቸውን አስጽፈው ነበር፦ «ልጄን አሟት ፋርማሲ ገብቼ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርጉልኝ»። ጥሩ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ድርጅቱ ይቅርታውን አልተቀበለም፤ «ገብቼ ስለቆየሁ» የምትለዋን ቃል ግን ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ማን ነዳ የሚል ጥያቄ አልነበረም። እኛ ሽማግሌ ፊት ቆመን ነገሩን ከነምክንያቱ ዘርዝረን ማስረዳት የለመድን ሰዎች ነን። እዚህ ግን ከፊታችን የተቀመጠው ሽማግሌ ሳይሆን ገንዘብ ጠያቂው ራሱ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። መኪናችን በእኔ ስም ነው፤ ባለቤቴም የእህቴም ልጅ ይነዱታል። ከአንድ የገበያ ማዕከል ደብዳቤ መጣ፣ 23 ደቂቃ አሳልፋችኋል የሚል። በዚያ ቀን ማን እንደነዳ እዚህም አልጽፍም። ለድርጅቱ የመለስኩት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ መኪናው በስሜ የተመዘገበ ነው፤ ሹፌሩ ማን እንደነበር የመናገር ግዴታ የለብኝም፤ በስኮትላንድ ሕግ ባለ ስሙ ስለሆንኩ ብቻ አልጠየቅም። ይቅርታም፣ ምክንያትም፣ ስድብም የለበትም። ከዚያ የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ መጣ፤ 100ው 170 ሆነ። ቀጥሎ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» መጣ። ዕዳ ሰብሳቢ ማለት ደብዳቤ የሚጽፍ ሌላ ድርጅት ነው፤ በር አንኳኩቶ ዕቃ የመውሰድ ሥልጣን የለውም። ያ ሥልጣን ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ የሸሪፍ ኦፊሰሮች ብቻ ነው።

ዲያቆን የሆነ ወዳጄ በዚህ ይወቅሰኛል። «አሳልፎ ያቆመ ሰው ይክፈል፤ በሕግ ቀዳዳ መሹለክ ነውር ነው» ይላል። ግማሹን እቀበለዋለሁ። የነዳ ሰው «አልነዳሁም» ብሎ መጻፍ የለበትም፤ ውሸት ነው፣ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ከውሸትም ይብሳል። የአካል ጉዳተኛ ቦታ ላይ አቁሞ ለሚከራከርም አልቆምም። ዝምታ ግን ውሸት አይደለም። በእኛም የሙግት ባህል እማኝ የሚቆጥረው ከሳሽ ነው። ለ20 ደቂቃ 100 ፓውንድ የሚጠይቅ ድርጅት እማኙን ራሱ ያምጣ ማለት ነውር አይመስለኝም። ወዳጄ አልተስማማም፤ እስከ ዛሬም እንከራከራለን።

ከእሱ የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን «ቀድደህ ጣለው» የሚለው መካሪ ነው። በ2017 የዳንዲ ሸሪፍ ፍርድ ቤት አንዲት ሴት 24,500 ፓውንድ እንድትከፍል ወስኗል። በተደጋጋሚ ያለ ፈቃድ የግል ቦታ ላይ እያቆመች፣ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ሳትከፍል አከማችታ ነው። ማቆሟን አልካደችም፤ ክርክሯ ክፍያው ሕጋዊ አይደለም የሚል ነበር፣ አልተቀበሏትም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2015፣ ቼልምስፎርድ ላይ 56 ደቂቃ ባሳለፈ ሰው ጉዳይ፣ 85 ፓውንድ መጠየቅ ከልክ ያለፈ አይደለም ብሏል። ጉዳዩ የእንግሊዝ ቢሆንም ሐሳቡ እዚህም ክብደት አለው። ስለዚህ «የግል ድርጅት ምንም አያመጣም» የሚል ሰው አይሰማ። ሹፌሩ ከታወቀ ዕዳው እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

በተለይ የፍርድ ቤት ወረቀት ሌላ ነው። ሸሪፍ ሲባል ፊልም ላይ ያለው ባለ ኮከቡ ሰውዬ አይምጣባችሁ፤ ስኮትላንድ ውስጥ ሸሪፍ ዳኛ ነው። እስከ 5,000 ፓውንድ ያለ ጥያቄ ሲምፕል ፕሮሲጀር በሚባለው ቀላል ሥርዓት ይታያል። ወረቀቱ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን አለው። ያ ቀን ዝም ተብሎ ካለፈ፣ ማን ነዳ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ሊፈረድብህ ይችላል። ያን ፖስታ ከትራስ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ካለ እባካችሁ ቡና እስኪፈላ አትጠብቁ። ሲቲዝንስ አድቫይስ ቢሮዎች በነፃ ያማክራሉ።

በኪራይ መኪና ታክሲ የምትሠሩ ደግሞ ውላችሁን አንብቡ። አከራዩ ስማችሁን አሳልፎ ሊሰጥ፣ ወይም ራሱ ከፍሎ ከነአገልግሎት ክፍያው ሊያስከፍላችሁ የሚያስችል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከክርክር በፊት ደረሰኙን ይዛችሁ የሱቁን ሥራ አስኪያጅ አነጋግሩ። ጋሼን ከአራተኛው ያወጣቸው ይህ ነው። ይግባኙ ሹፌርነታቸውን ካሳወቀ በኋላ ሌላ መንገድ አልቀራቸውም ነበር። የፋርማሲውን ደረሰኝ ይዘን አብረን ሄድን፤ ሥራ አስኪያጇ ኢሜይል ጻፈች፣ በሳምንቱ ተሰረዘ።

እንዲህ ያለ ዕዳ በስኮትላንድ ሕግ ለ5 ዓመት በፍርድ ቤት ካልተጠየቀ፣ ባለዕዳውም ካላመነው፣ ይጠፋል፤ እንግሊዝ ውስጥ 6 ዓመት ነው። የእኔው «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ከመኪናው ሊብሬ ጋር በአንድ ፋይል ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ይቀረዋል።