ከዳማ ጋር የተዋወቅንበት ሰሞን

ድሮ ውሻ አይመረጥም ነበር። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ አንዱን ቡችላ አቅፎ መምጣት ነው፤ በቃ። ጉለሌ ባደግንበት ግቢ የነበረው ቡቺም የመጣው እንደዚያ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። የተረፈ እንጀራ በውሃ ርሶ ይቀርብለታል፤ ዓመት በዓል ሲሆን አጥንት ይደርሰዋል። አንድ እግሩን ከደጃፍ ካሳለፈ ግን «ውጪ!» ነው። ታዲያ ፍቅር አልነበረም እንዳትሉኝ። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ አባቴ እራት ከተበላ በኋላ ማንም ሳያየው ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ደረቅ ጆንያ ያነጥፍለት ነበር። ያ የረጠበ ፀጉር ሽታ ከባሕር ዛፍ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም ይመጣብኛል። ሌሊት ከወንዙ ማዶ ጅብ ሲጮኽ ቡቺ ይነሣበታል፤ እኛም እሱ መንቃቱን አውቀን ተመልሰን እንተኛለን።

ከዓመታት በኋላ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጆቼ ውሻ እንዲመጣላቸው ሲለምኑኝ መጀመሪያ የታወሰኝ ያ ጆንያ ነው። እዚህ ግን አጥር የለ፣ ግቢ የለ። ያለን አፓርታማ ነው፤ ውሻ ከመጣ አብሮን ሊኖር ነው። ትንሹ ልጄ ደግሞ አለርጂ አለበት። ፀጉራም እንስሳ አጠገብ ከተቀመጠ ዓይኑ ይቀላል፣ ማስነጠሱ አይቆምም። በዚያ ላይ እናቴ አለች። እማዬ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ነበረች፤ ሥዕለ ማርያም የተሰቀለበት ቤት ውስጥ ውሻ ይገባል የሚባለው ነገር ጨርሶ አልዋጥላት አለ። «ውሻ ደጅ ነው የሚያምርበት፣ ልጄ» ትለኝ ነበር ቡናዋን እየቆላች።

መንገዱን የከፈቱልን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አሜሪካዊት ባልቴት ናቸው። ክሬም መልክ ያለው፣ ፀጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ ትልቅ ውሻ ነበራቸው። አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ ያ ውሻ ዘፍ ብሎ ይተኛና አገጩን የልጄ ጫማ ላይ ያሳርፋል። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ማስነጠሱ አይመጣም። ሴትዮዋ ይህን አስተውለው ኖሮ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ጠሩን። ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ከውሻው ጋር ሲተኙ፣ እኛ ሻይ ይዘን ስናወጋ አመሸን።

ውሻቸው ላብራዱድል፣ ማለትም የላብራዶርና የፑድል ድቅል ነው። ታሪኩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዋሊ ኮንሮን የተባለ ሰው አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ዓይነ ሥውራንን የሚመሩ ውሾች በሚሠለጥኑበት ማኅበር የእርባታ ኃላፊ ነበር። ሃዋይ የምትኖር አንዲት ዓይነ ሥውር መሪ ውሻ ፈልጋ ጠየቀችው፤ ባሏ ግን የውሻ አለርጂ አለበት። ኮንሮን መጀመሪያ ፑድሎችን ሞከረ። 33 ያህል ፈትኖ ለሥራው የሚሆን አጣ። በመጨረሻ በ1989 እ.ኤ.አ. ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለ፤ ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። ፀጉራቸውና ምራቃቸው ሃዋይ ተልኮ ሲሞከር፣ የባልየውን አለርጂ ያልቀሰቀሰው አንዱ ብቻ ነበር። ሱልጣን የሚባለው ማለት ነው።

«አየሽ፣ ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የተስማማው አንዱ ነው። አንቺም የልጅሽን አፍንጫ አስመርጪው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሻ ብዙ ምክር ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አልሰማሁም።

የልጁ ሐኪምም ያንኑ አጸኑልን። አለርጂ ጨርሶ የማያስነሣ የውሻ ዘር የለም፤ የሚያስነጥሰው ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን ምራቁና ከቆዳው የሚረግፈው ቅርፊት ነው አሉ። የፑድል ፀጉር እንደሌላው ስለማይረግፍ ቤት ውስጥ አይበተንም፤ ድቅሉ ግን የእናቱን ወይም የአባቱን ፀጉር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ደጋግማችሁ መቀመጥ ያለባችሁ ከዚያው ከምትወስዱት ውሻ ጋር ነው አሉን።

ከዚያ የቅዳሜ መንከራተት ተጀመረ። ያ ሰሞን እንዴት ይናፍቀኛል! መኪናው ውስጥ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ በፔርሙዝ ሻይ፤ ልጆቹ ከኋላ የቡችላ ስም እያወጡ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ሻጭ ፎቶው ሲያምር ለጉድ ነው። እናቲቱን እንይ ስንለው ግን ዛሬ አትመችም አለን፤ ቡችላውንም አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ ላምጣላችሁ አለ። ባለቤቴ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ልጆቹ አለቀሱ። እሱ ግን ቁርጥ አድርጎ «እናቱን የማያሳየንን ሰው አናምንም» አላቸው።

በኋላ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ አንዲት ሴት አገኘን። ማድ ቤቷ የድርቆሽና የወተት ሽታ አለው። እናቲቱ ኮከር ስፓኒየል ጥግ ላይ ጋደም ብላለች፤ አባትየው ሚኒዬቸር ፑድል ነው። ድቅሉን ኮካፑ ይሉታል። የላብራዶሩ ድቅል ለአፓርታማችንም ለእማዬ ጉልበትም ይከብድ ስለነበር፣ ይህኛው ልካችን ሆኖ ታየን። ሴትዮዋ የወላጆቹን የዓይንና የዳሌ ምርመራ ወረቀት አውጥታ አሳየችን፤ ከዚያ ተራዋን እሷ ጠየቀችን። ቀን ማን ቤት ይውላል? ማን ያበጥራታል? ክረምት በበረዶ ማን ያወጣታል? ደስ አለኝ። ለምትሰጠው ነፍስ የምትሳሳ ሰው ናት።

ከቡችሎቹ አንዱ ከርዳዳ፣ ሌላው ዞማ ፀጉር፣ ሌላው መሐል ቤት ነው። ልጄ ከሁሉም ጋር በተራ ተቀመጠ። ቀላ ያለች ቡናማ ቡችላ ክርኑ ሥር ገብታ ተኛች፤ ዓይኑ አልቀላም። ሴትዮዋ ቡችላዋ የተኛችበትን ፎጣ በከረጢት አድርጋ ሰጠችን፤ ቤት ወስደን አየነው። ተመልሰን ሄድን፣ ደግሞም ሄድን። ስምንት ሳምንት ሞልቷት ከእናቷ ስትለይ ተረክበናት መጣን።

እማዬ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነጠላዋን ሰብስባ በሩቁ ነበር የምታልፋት። ነገር የተለወጠው በማበጠሪያ ነው። የእነዚህ ውሾች ፀጉር ከላይ ለስላሳ መስሎ ከሥሩ ይቋጠራል፤ እስከ ቆዳው ድረስ ካልተበጠረ ይጣበቅና ያማታል። አንድ ማታ ትልቋ ልጄ ስታበጥራት ቡችላዋ ጮኸች። እማዬ አላስቻላትም። «ኧረ በማርያም! ከሥሩ እየጎተትሽ? ከጫፉ ነው የሚጀመረው!» ብላ ተነሣች፤ ማበጠሪያውን ተቀበለቻት። ጉልበቷ ላይ ፎጣ ዘርግታ ቡችላዋን አስቀመጠች። በግራ እጇ ፀጉሩን ከሥሩ ጨብጣ፣ ጫፍ ጫፉን ፈታች፤ ቀስ እያለች ወደ ቆዳው ወረደች። ጆሮዋ ሥር ስትደርስ ቋጠሮውን በጣቶቿ ለየችው። እኔን ሹሩባ ስትሠራኝ ልክ እንዲህ ነበር ጣቶቿ የሚሄዱት፤ ያኔ በሚዶ፣ ቅቤ ቅቤ እየሸተተኝ። ቡችላዋ እንቅልፍ ወሰዳት። እማዬ ቀና ብላ «ዳማ ናት እኮ መልኳ» አለች። ስሟም ዳማ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ማበጠሩ የእማዬ ሥራ ሆነ። በየሁለት ወሩ ገደማ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ እንወስዳታለን፤ እማዬ አብራ ሄዳ ጆሮዋ መድረቁን ራሷ ነበር የምታየው። ፀጉራምና የተንጠለጠለ ጆሮ እርጥበት ከያዘ ቶሎ ይታመማል ብለዋት ነበርና። ስላይጎ ክሪክ ከሚባለው የእግር መንገድ ስንመለስ የዳማ እግር የሚታበስበት ጨርቅ በሩ ላይ ይጠብቃል። ሥዕለ ማርያም ወዳለችበት ክፍል ግን ዳማ ገብታ አታውቅም፤ ደፉ ላይ ትቀመጣለች፣ እማዬ ጸሎቷን እስክትጨርስ። ሁለቱም ወሰናቸውን ያውቃሉ።

ዛሬ ልጆቹ አድገዋል፤ ትንሹ ኮሌጅ ገብቷል። የዳማ አፍ ዙሪያ ሸብቷል። እማዬ አዲስ አበባ ተመልሳለች፤ ስትደውል ደኅንነታችንን ጠይቃ ሳትጨርስ «ዳማን አበጠራችኋት?» ትላለች። ቤቱ ጸጥ ሲል ያ የቅዳሜ ጭቅጭቅ፣ ያ የብርቱካን ሽታ ይመጣብኛል።

እናንተም የፑድል ድቅል ለቤታችሁ ካሰባችሁ፣ የፀጉሩ ጥቅልል አይማርካችሁ። እናቱን ያላያችሁትን ቡችላ አትውሰዱ፤ የወላጆቹን የጤና ምርመራ ጠይቁ። አካባቢያችሁ የውሻ መጠለያ ካለ አስቀድማችሁ ጎራ በሉ፤ ሰው መርጦ የተዋቸው እንዲህ ያሉ ድቅሎች እዚያም አይጠፉም። አለርጂ ያለበትን ልጅ ከዚያችው ውሻ ጋር ደጋግማችሁ አስቀምጡት፤ ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎችም ጠይቁ፣ ቤቱ የእነሱም ነውና። ከሁሉም በላይ በየዕለቱ ማበጠሪያ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ያ ሰው ከተገኘ ውሰዱ፤ ካልተገኘ እስኪገኝ ቆዩ።