ከሻንጣ ስለሚወጣው የአጥንት መድኃኒት

ባሕር ማዶ ልጅ ያለው የቦሌ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥርዐት አለው። ሻንጣው ይከፈታል፤ ሽቶው ለእኅት፥ ጫማው ለወንድም፥ የአጥንት መድኃኒቱ ደግሞ ለእናት ይታደላል። ከገርጂ እስከ አያት ባሉት ቤቶች የምንኖር ተማሪዎች ይህን በሚገባ እናውቀዋለን፤ «እስቲ ይህችን ወረቀት አንብቡልኝ» የምንባለውም እኛው ነንና።

በወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው መካከል የመንጋጋ ነገር ይገኝበታል። ጉዳዩ እንዲህ ነው። አጥንት እንደ ድንጋይ ተገትሮ የሚቀር ነገር አይደለም፤ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ዘወትር ይሠሩበታል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አፍራሾቹ ስለሚበረቱ አጥንት ይሳሳል። በየሳምንቱ የሚዋጠው አሌንድሮኔትና በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ እነዚህን አፍራሾች ያስታግሣሉ። ሆኖም ጥርስ ተነቅሎ ቁስሉ እንዲሽር፥ የተጎዳው አጥንት መፍረስና መታደስ አለበት። መንጋጋን የሚሸፍነው ሥጋ ስስ ነው፤ ጀርምም ከአፍ አይጠፋም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ አጥንቱ ተራቁቶ ይቀራል፤ ከ8 ሳምንት በላይ ሳይሸፈን ከቆየ ሐኪሞች ይህን በሽታ ይጠረጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርክስ የተባሉ አሜሪካዊ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም 36 በሽተኞችን ቈጥረው ለዓለም አስታወቁ፤ አብዛኞቹ ለካንሰር ብርቱውን መጠን የወሰዱ ነበሩ።

ታሪኩ ግን ከዚያ ይርቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት በነጭ ፎስፈረስ ክብሪት የሚሠሩ የለንደን ሴቶች መንጋጋቸው ይበሰብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ሥራ ማቆማቸውን የማኅበራችን አባሎች ሳይሰሙ አይቀሩም፤ ነጭ ፎስፈረስን ከክብሪት ለማገድ በበርን ከተማ ስምምነት የተደረገው በ1906 ነው። የዛሬዎቹ ክኒኖችም ከፎስፈረስ ወገን ናቸው።

አጥንትን ማወፈር ሁልጊዜ ማጠንከር እንዳልሆነም ከወንጂ የመጡ ጓደኞቻችን ያውቃሉ። በጕድጓዱ ውሃ ውስጥ የነበረው ፍሎራይድ ጥርስን ያበላሸ፥ የብዙ ሠራተኞችንም አከርካሪ ያደረቀ ነው። ይኸው ፍሎራይድ በአንድ ወቅት ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት ተብሎ ተሞክሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን የአከርካሪን አጥንት ቢያወፍርም ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳየ።

ይህን ስንል ክኒኑ ይጣል ማለታችን አይደለም። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ከ10,000 ሰዎች መንጋጋቸው የሚጎዳው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የዳሌ ስብራት ግን ስንቱን አረጋዊ አልጋ ላይ አስቀርቷል! የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ያለ ሐኪም መምጣቱ።

አንዲት የሰፈራችን እናት ባለፈው ዓመት ጥርሳቸው አብጦ ወደ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ሄዱ። «እማማ፥ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተባሉ። «የለም፥ የኔ ልጅ» አሉ። ለስድስት ዓመት ክኒኑን ሲውጡ ኖረዋል። ጥርሱ ተነቀለ፤ ሦስት ወር ሙሉ ቁስሉ አልገጠመም፤ በመጨረሻም ነጭ አጥንት ታየ። በኋላ ስንጠይቃቸው ዋሽተው አልነበረም። «ይኼማ ልጄ የላከችልኝ ነው እንጂ መድኃኒት ነው እንዴ?» አሉን። አሁንም በየሳምንቱ ለእጥበት ይመላለሳሉ፤ እንጀራውም በወጥ ርሶ ይቀርብላቸዋል።

አወሳሰዱም ቢሆን ለሀገራችን ልማድ አይመችም። አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ፥ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ተውጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየትን ይጠይቃል፤ በዚያ ጊዜ ቡና ከተጠጣበት ሰውነት የሚቀበለው በብዙ ይቀንሳል። እናቶቻችንን ግማሽ ሰዓት ከቡና ማስታገሥ ከመንግሥት ፈተና ይከብዳል። በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ ደግሞ፥ ለመንጋጋም የሚያሰጋው እሱ ራሱ፥ መንገደኛ ጠፍቶ ቢቋረጥ የአከርካሪ ስብራት ሊያስከትል ይችላል።

በዚህ ምክንያት እኛ በየቤታችን አንድ ነገር ጀምረናል። ክኒኑ ገና ካልተጀመረ፥ የተበላሸው ጥርስ አስቀድሞ ይታይ እንላለን። ከተጀመረ ደግሞ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም፤ ወደ ጥርስ ሐኪም በሚኬድበት ቀን ባዶው ካርቶን በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ባይጠይቅም ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።