የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች

የጥንት ፍርስራሽ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የጎንደር ግንብ ነው። በጌዴኦ ኮረብቶች ላይ ያለው ቅርስ ግን ግድግዳም ጣሪያም የለውም፤ ትክል ድንጋይ ነው። በወናጎ በኩል ወደ ጨልባ ቱቱቲ ለወጣ ሰው ከ1,000 በላይ ድንጋዮች ይጠብቁታል፤ አብዛኞቹ ወድቀዋል ወይም ተሰብረዋል።

ቱቱ ፈላ ላይ ደግሞ በመቃብሮች ላይ ከተከመረው ድንጋይ መካከል የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ቆመዋል። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ባካሄዱት ጥናት አንዳንዶቹ ቀድሞ ድቡልቡል ምሰሶ እንደነበሩና ፊቱ በኋላ እንደተቀረጸባቸው ታውቋል። የኋለኛው ትውልድ የአባቶቹን ድንጋይ አልጣለም ማለት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የሳካሮ ሶዶን ድንጋዮች ዕድሜ እስከ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አድርሶታል።

በሥራ ዘመኔ ለክትባት ቀበሌ ለቀበሌ ስዞር፣ በቡናና በእንሰት መካከል በወደቀ ድንጋይ ላይ ማጭድ ሲሳል አይቻለሁ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መዝገብ ብቻውን ግን ድንጋይ አይጠብቅም።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ የአካባቢው ሰው ይምራችሁ። ድንጋዩ ላይ አትውጡ፤ የወደቀውንም አታንሱ፤ የወደቀበት ቦታ ለአጥኚው ምስክር ነው። ቱቱ ፈላ ላይ ደግሞ ከሥሩ ሰው ተቀብሯልና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።